የተጫነ ተስፋ፤ ከምዕራብ ሐረርጌ የሚወጡ ታዳጊዎች ውጥረትና ድባቴ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አውራ ጎዳናና ወደ ጂቡቲ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ አዋሽን ካለፉ በኋላ በአሰቦትና በሚኤሶ ቆላ ተቀራርበው ይጓዛሉ፤ ሚኤሶ ላይ ይለያዩና ጎዳናው የጨርጨርን ደጋ ይዞ ወደ ጭሮ፣ ማለትም ብዙዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ እያሉ ወደሚጠሯት የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ሲወጣ፣ ሐዲዱ ቆላውን ሳይለቅ ወደ ድሬዳዋ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ሐዲድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የመስመሩ ከተሞች ነጋዴውን፣ የምድር ባቡር ሠራተኛውንና ወደ አሰቦት ሥላሴ ገዳም የሚሄደውን ተሳላሚ ሲያስተናግዱ ኖረዋል፤ ስለዚህ መንገደኛ ማየት ለአካባቢው ሰው ብርቅ አይደለም። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ግን በዚሁ መስመር ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከሚጓዙት መካከል ገና የትምህርት ቤት ደብተር ይዘው መዋል የነበረባቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች ይገኙበታል። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ታህሪብ የሚባለው ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚጻፍለት በሞቱትና በጠፉት ቍጥር ነው፤ በሕይወት የተረፉት ታዳጊዎች በአእምሯቸው ውስጥ ተሸክመውት ስለሚኖሩት ነገር የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ የጉርምስና ዘመን ብሎ የሚወስን ሲሆን፣ በዓለም ላይ በዚህ ዕድሜ ከሚገኙት ከሰባቱ አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና እክል ጋር እንደሚኖር ይገምታል። ስደት በዚህ ላይ ሲጨመር ሥጋቱ ከፍ ይላል። ከምዕራብ ሐረርጌ አንጻር ሲታይ ስደተኛ ታዳጊ የሚለው መጠሪያ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ልጆችን ያካትታል፤ እነርሱም በታህሪብ ወይም በቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሄዱትና ከዚያም የተመለሱት፣ በግጭት ምክንያት ከአጎራባች አካባቢዎች ተፈናቅለው ወደ ዞኑ የገቡት፣ እንዲሁም ከወላጆቻቸው ጋር በስደተኝነት ተመዝግበው ወደ አሜሪካ፣ በተለይም ወደ ሚኒሶታ የተሻገሩት ናቸው። የሦስቱ ኑሮ በእጅጉ የተለያየ ቢሆንም የሕመማቸውን ምንጭ በመንገድ ላይ በደረሰ አንድ አስደንጋጭ ክስተት ብቻ መተርጎም የተለመደ ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚቀርበው ሐሳብ ከዚህ ይለያል፤ ክስተቱ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ መሆኑን ሳይክድ፣ የታዳጊውን አእምሮ ለረጅም ጊዜ የሚያደክመው ከቤቱ ሲወጣ የተጫነበት፣ በስደት ሳለ የሚከተለው፣ ሲመለስም ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው የቤተሰብ ተስፋና ዕዳ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ውጥረት የሚባለው አንድ ሰው የተጠየቀው ነገር ካለው አቅም በላይ መስሎ ሲታየው ሰውነቱና አእምሮው የሚሰጡት ምላሽ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን ወደ ሕክምና ሳይንስ ያስገባው ሐንስ ሰልየ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ሰውነት ጉዳቱ ምንም ዓይነት ቢሆን ተመሳሳይ የማንቂያ ሥርዓት እንደሚያስነሣ ገለጸ፤ አንጎል ከኩላሊት በላይ ለሚገኙት ዕጢዎች ትእዛዝ ያስተላልፋል፣ ዕጢዎቹም አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቃሉ፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ይህ ሥርዓት ለአጭር ጊዜ ሲነሣ ሕይወት አዳኝ ነው፤ ከጅብ የሚያመልጥ እረኛ ያለ እርሱ አያመልጥም። ችግሩ ሥርዓቱ ለወራትና ለዓመታት ሳይጠፋ ሲቆይ ነው፤ ያን ጊዜ የማስታወስና ትኩረት የመስጠት ችሎታ ይቀንሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይዛባል፣ ስሜትም ይጨልማል። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ሰው ለደረሰበት ነገር የሚሰጠው ግምት፣ ማለትም "ይህ ምን ያስከትልብኛል? ልወጣው እችላለሁ?" ብሎ የሚደርስበት ፍርድ፣ ከክስተቱ ባልተናነሰ የውጥረቱን መጠን እንደሚወስን አስረዱ። የታዳጊ አንጎል ስሜትን የሚቀሰቅሰው ክፍሉ ቀድሞ ሲጎለምስ፣ የሚያመዛዝነውና የሚገታው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ በመገንባት ላይ ስለሚቆይ፣ ይህን ግምት ያለ አዋቂ እገዛ በሚዛን መስጠት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅግ ከባድ ነው።

ድባቴ ከውጥረት የተለየ፣ ነገር ግን ከእርሱ ሊወለድ የሚችል ሕመም ነው። ማንኛውም ሰው ያዝናል፤ ሐኪም ድባቴ የሚለው ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ የተከፋ ስሜት ወይም ቀድሞ ያስደስት ለነበረ ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት ሲኖርና ከእነዚህ ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ የኃይል ማጣት፣ ራስን የመውቀስ ስሜት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት ወይም መቅበጥበጥ፣ እንዲሁም ሞትን የመመኘት ሐሳብ ተዳምረው ኑሮን ሲያውኩ ነው። እነዚህ ዘጠኝ ምልክቶች በዓለም ዙሪያ በስፋት በሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄዎች ባሉት አጭር መጠይቅ ይለካሉ፤ መጠይቁ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት አስተማማኝነቱ ተፈትኗል። በታዳጊዎች ላይ ሕመሙ ከሐዘን ይልቅ በቍጣና በእልህ መልክ ሊወጣ ይችላል፤ ትናንት ታዛዥ የነበረው ልጅ በጥቃቅን ነገር የሚገነፍል፣ ከጓደኛው የሚጣላ፣ ከቤት የሚሸሽ ይሆናል። በገጠሩና በትንንሾቹ ከተሞች ደግሞ ታዳጊው ለጤና ባለሙያ የሚናገረው ራሱን እንደሚያመው፣ ጨጓራው እንደሚያቃጥለው፣ ልቡ እንደሚደክመው ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የራስ ምታት ወይም የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፣ ሕመሙም ሳይጠየቅ ያልፋል።

ሸክሙ ከጉዞው በፊት ይጀምራል። የጨርጨር ደጋ የቡናና የጫት አገር ነው፤ መሬቱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ኖሮ ብዙ ወንድማማቾች ላሉበት ቤት የማይበቃበት ደረጃ ላይ ደርሷል። ቆላዎቹ ሚኤሶና አካባቢው በማሽላና በከብት የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ ዝናብ በቀረ ቍጥር የሚመቱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በኤል ኒኞ ምክንያት የደረሰው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዷ አድርጓታል። በዚህ ኑሮ ውስጥ ያደገ ልጅ ጎረቤቱ ከሳዑዲ በላከው ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ፣ ባጃጅ ሲገዛ ያያል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣውንም ታላቅ ወንድሙን ያያል። ደላላው ከእነዚህ ሁለት ትዕይንቶች መካከል ይገባል፣ ብዙ ጊዜም "አሁን ሂድ፤ ሲደረስ ይከፈላል" የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። ውሳኔው አንዳንዴ የልጁ ብቻ ሆኖ ወላጅ ሳይሰማ በሌሊት ይፈጸማል፣ አንዳንዴም ቤተሰቡ ተማክሮ በሬ ሸጦ፣ የጫት ማሳ በመያዣነት ሰጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ ይልከዋል። በሁለቱም መንገድ ልጁ ከሚኤሶ ሲነሣ ለራሱ ብቻ የሚኖር ሰው መሆኑ ቀርቷል፤ የታናናሾቹ ልብስ፣ የእናቱ መድኃኒት፣ የአባቱ ክብር በእርሱ መድረስና አለመድረስ ላይ ተንጠልጥሏል። ለዚህ ፍቅር እንጂ ክፋት መነሻው እንዳልሆነ መረሳት የለበትም፤ ቤተሰቡ በልጁ ላይ ተስፋ የሚጥለው ሌላ የሚጥልበት ስላጣ ነው።

ሴቶቹ ልጆች ብዙውን ጊዜ በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። በሰዉ አነጋገር "ኮንትራት" የሚባለው የቤት ሠራተኝነት ጉዞ በሕግ የሚመራ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለውጭ አገር ሥራ የሚላክ ሰው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን ደንግጓል። ሆኖም የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት አካባቢ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን በወረቀት ላይ ማሳደግ አያዳግትም። ይህ የዕድሜ ማሻሻያ በኋላ የአእምሮ ጤና ችግር ሆኖ ይመለሳል፤ በፓስፖርቷ 23 ዓመት የተጻፈባት ታዳጊ በደል ሲደርስባት ለሕፃናት የሚደረገውን ጥበቃ መጠየቅ አትችልም፣ እውነተኛ ዕድሜዋን መናገሯም ራሷን የሚያስጠይቃት ይመስላታል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ማንነቷን ደብቃ ትኖራለች።

የምሥራቁ መንገድ ራሱ ምን እንደሚመስል የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ለዓመታት ሲመዘግብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው የመን የደረሱት ፍልሰተኞች ከ138,000 በላይ ሲሆኑ፣ እጅግ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በኮሮና ወረርሽኝ ዓመት ቍጥሩ ወደ 37,500 ገደማ ወርዶ በኋላ እንደገና አንሰራርቷል። ከጂቡቲ ኦቦክ ወይም ከሶማሊያ ቦሳሶ ጀልባ ተሳፍረው የሚሻገሩት ልጆች የመን የባሕር ዳርቻ ሲደርሱ በአጋቾች እጅ የሚወድቁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አጋቹ ልጁን እያሠቃየ በስልክ ለእናቱ ያሰማል፣ ቤተሰቡም ያልሸጠውን ለመሸጥ ይገደዳል። በሰሜን የመን በኩል ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚዘልቁት ደግሞ የባሰ ይጠብቃቸዋል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ እንደገደሉ ገልጿል፣ የሳዑዲ መንግሥት በበኩሉ ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎታል። ከዚህ የተረፈ ልጅ ጓደኛው ሲወድቅ አይቷል፤ በሌሊት በቅዠት ቢባንን፣ ድንገተኛ ድምፅ ቢያስደነግጠው፣ ያየውን ላለማስታወስ ሰው ቢሸሽ የሚያስገርም አይሆንም። ይህ ሁኔታ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይና ኑሮን ሲያውክ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ተብሎ በራሱ ስም የሚታከም ሕመም ነው።

ይሁን እንጂ ኬኔት ሚለርና አንድሩ ራስሙሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከጦርነትና ከመፈናቀል የተረፉ ሰዎችን አእምሮ የሚጎዳው ያዩት ግፍ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ የሚገጥማቸው ድህነት፣ መገለል፣ የመኖሪያ እጦትና የቤተሰብ ጭቅጭቅ ጭምር መሆኑን፣ የግፉ ጉዳትም በአብዛኛው በእነዚህ የዕለት ችግሮች አማካይነት እየሰፋ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ይህ ግኝት ለምዕራብ ሐረርጌ ታዳጊ በትክክል ይሠራል። በየመን የተከፈለው ማስለቀቂያ ልጁ ሥራ ባገኘ ማግስት የሚከፈል ዕዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ያሠቃዩት ሰዎች ካለፉ ከዓመት በኋላም የሥቃዩ ዋጋ በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጣል። የደረሰበትን መርሳት ቢፈልግ እንኳ አበዳሪው አያስረሳውም።

በዓረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠራ ታዳጊ ውጥረት ሌላ መልክ አለው። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት በሚሠራበት አገር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚተሳሰር፣ ቤቱን ትታ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትሆናለች። ቋንቋውን አታውቅም፣ የዕረፍት ቀን ላይኖራት ይችላል፣ የምትተኛው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው፣ የምትነሣውም ቀድማቸው ነው፤ በጉርምስና ዕድሜ አንድ ልጅ ለመጎልመስ በእጅጉ የሚያስፈልገውን የእኩዮች ጓደኝነት ሙሉ በሙሉ አጥታለች። ወደ ቤት ስትደውል የምትለው ግን "ደህና ነኝ" ነው። ይህ መልስ ከአስተዳደግ የመጣ ጨዋነት ነው፤ ወላጅን ማስጨነቅ ነውር ነው፣ ገንዘብ የሚጠብቅ ቤትንም በዕንባ መመለስ ከነውር ይከፋል። ወላጆችም በበኩላቸው ድርቁንና በሽታውን ይደብቋታል። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ሊተዛዘኑ የሚገባቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ ለመተዛዘን ሲሉ በመደባበቅ ይራራቃሉ። ስለ ድባቴ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው እንደሚያሳዩት ምሥጢርን የሚያካፍሉት ሰው መኖር ከሕመሙ ከሚከላከሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው፤ በዚህ የስልክ ንግግር ውስጥ የሚጠፋውም ይኸው ነው።

ቤት ለቀሩት ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ የተለየ ዓይነት ሐዘን አለ። በባሕር የሰጠመ ወይም በበረሃ የቀረ ልጅ አስከሬኑ ስለማይመጣ ቤተሰቡ መሞቱን አያረጋግጥም፣ በሕይወት ለመኖሩም ወሬ አያገኝም። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናችው ይህ መለየቱ ያልተረጋገጠ ሐዘን፣ መጨረሻ ስለሌለው ከታወቀ ሞት ይልቅ ለመሸከም አስቸጋሪ መሆኑን ገልጻለች። በሐረርጌ አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ምግብ አዘጋጅቶ ሐዘንተኛውን የሚደግፍ ነው፤ የመሞቱ ወሬ ላልመጣ ልጅ ግን ድንኳን አይተከልም፣ ሶላተል ጀናዛም ሆነ ፍትሐት የሚደረግበት ቀን አይታወቅም፣ እናቲቱም ለቅሶ ሳትቀመጥ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ ቤት የሚያድግ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በታላቁ ስም መሳቅም ማልቀስም በማይቻልበት ዝምታ ውስጥ ያድጋል፤ የትምህርት ውጤቱ ማሽቆልቆል የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ መሆኑን መምህሩ ላያስተውል ይችላል።

መመለስ ብዙዎች እንደሚያስቡት የመከራው ፍጻሜ አይደለም፤ ለአእምሮ ጤና ሲታይ ከሁሉም የከፋው ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጅምላ አስመልሳለች፤ ከ2017 በኋላም የማባረሩ ዘመቻ ታድሶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ገብተዋል። ከእስር ቤት ተወስዶ በለበሰው ልብስ አውሮፕላን ላይ የተጫነ ልጅ የሠራበትን ደመወዝ ሳይቀበል፣ የገዛትን ስጦታ እንኳ ሳይዝ ይመጣል። በዚያ ሁኔታ ወደ አሰቦት ወይም ወደ ጭሮ ዐይኑን አቅንቶ መግባት ይከብደዋል፤ አንዳንዶች አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ላይ ቀርተው ለቤተሰባቸው መመለሳቸውን አይናገሩም። ቤቱ የደረሰውም ቢሆን ሰው በደስታ ከተቀበለው በኋላ "ምን ይዘህ መጣህ?" የሚለውን ጥያቄ በቃል ባይሰማው በዐይን ያነበዋል። ከድባቴ መገለጫዎች አንዱ የሆነው ራስን የመውቀስ ስሜት እዚህ ላይ ምግቡን ያገኛል፤ በሬውን ያሸጠ፣ ማሳውን ያስያዘ እኔ ነኝ ብሎ ያስባል፣ ከዚህ ሐሳብ የሚገላገልበት መንገድ ሲያጣም ሁለተኛ ጊዜ በዚያው መንገድ ይወጣል። ብዙ ተመላሾች ያን የሚያውቁትን መከራ ዳግመኛ የሚመርጡት አደጋውን ስለማያውቁ እንደሆነ የሚታሰበው ስሕተት ነው፤ እርሱን ከነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለ መንገዱ አስከፊነት ብቻ የሚሰብኩ የቅስቀሳ ሥራዎች ፍሬያቸው የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጫት አገር የተመለሰ ሥራ አጥ ልጅ ውሎው፣ የጫት መቃሚያ ስብስብ ከሆነው ከበርጫ ብዙ አይርቅም። ጫት ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ያለው ሲሆን፣ ለጥቂት ሰዓት መንፈስን ያነሣል፣ ድካምንና ረሃብን ያስረሳል፤ ምርቃናው ሲወርድ ግን እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭና የስሜት መውደቅ ይከተላል፣ አዘውታሪው ሲያቆምም ዱካክ የሚባለው አስጨናቂ ቅዠት ይመጣል። ድባቴ ያለበት ታዳጊ ስሜቱን ለማንሣት ይቅማል፣ በማግሥቱ ስሜቱ ይበልጥ ስለሚወድቅ እንደገና ይቅማል፤ ቤተሰቡም የሚያየው ቃሚውን ስለሆነ ሕመሙን ስንፍና ብሎ ይተረጉመዋል። ከዚህ ጋር በርጫው አንድ እውነተኛ ጥቅም እንዳለው መካድ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ለብዙ ተመላሾች በየመን ያዩትን የሚያወሩበት ብቸኛው ስብስብ እርሱ ነው።

በግጭት የተፈናቀሉት ታዳጊዎች ሁኔታ በአንድ ነገር ይለያል፤ የወጡት ተስፋ ተከትለው ሳይሆን ተገደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ ዋነኛ ተቀባዮች ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት በተፈናቀሉ አዳዲስ ሰዎች ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ሆና ተመዘገበች። በጅጅጋና በሌሎች የሶማሌ ክልል ከተሞች ተወልደው በሶማሊኛ የሚጫወቱ ልጆች በአንድ ሌሊት የቅርብ ዘመድ እንኳ ወደሌላቸው ቀዬ መጡ። መጠለያ ውስጥ የገባ ጎልማሳ ቢያንስ ከዚህ በፊት ማን እንደነበር ያስታውሳል፤ ታዳጊው ግን ማን እንደሚሆን ገና የሚወስንበት ዕድሜ ላይ ሳለ ቋንቋውን፣ ትምህርት ቤቱንና ጓደኞቹን በአንድ ላይ አጥቷል።

ወደ ሚኒሶታ የተሻገሩት ልጆች ከረሃብና ከጥይት ርቀዋል፤ ውጥረታቸው ግን በሌላ በር ይገባል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ቤሪ ስደተኛ ከአዲሱ ኅብረተሰብ ጋር የሚኖረውን ግንኙነት በአራት መንገድ ይከፍላል፤ የራስን ባህል ጠብቆ ከአዲሱም ጋር መቀላቀል፣ የራስን ትቶ በአዲሱ መዋጥ፣ በራስ ብቻ ተከልሎ መቆየት፣ ከሁለቱም ተገፍቶ መሃል ላይ መቅረት ናቸው። ቤሪና ባልደረቦቹ በ13 አገሮች 5,366 ስደተኛ ታዳጊዎችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያሳትሙ፣ በሥነ ልቦናም በትምህርትም የተሻለ ጤና የታየባቸው የመጀመሪያውን መንገድ የያዙት መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ይህን መንገድ መያዝ ግን በልጁ ፍላጎት ብቻ አይወሰንም። ልጆች እንግሊዝኛውን በፍጥነት ስለሚለምዱ በሐኪም ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የወላጆቻቸው አስተርጓሚ ይሆናሉ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን የምርመራ ውጤት ለእናቱ ሲያስረዳ የቤቱ ሥልጣን ተገልብጧል፣ አባትም ይህን ስለሚሰማው ቁጥጥሩን ያጠብቃል። ወላጅ ያለፈበትን እስርና ስደት እያስታወሰ "እኔ ይህን ሁሉ የከፈልሁት ለአንተ ነው" ሲል ልጁ ሊከፍለው የማይችለው ሌላ ዕዳ ይመዘገብበታል። ይህም በመሠረቱ ከሚኤሶ የወጣው ልጅ የተሸከመው ያው ሸክም ነው።

የሚኒሶታ ከተሞች በሆኑት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በ338 የሶማሌና የኦሮሞ ስደተኛ ወጣቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ወጣቶቹ ሐዘን ሲያጠቃቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠይቋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደሚጸልዩ፣ ሌሎች እንደሚተኙ፣ እንደሚያነቡ፣ ከጓደኛ ጋር እንደሚያወሩ መለሱ። ተጠያቂዎቹ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ቢሆኑም ብዙዎቹ አገራቸውን የለቀቁት በልጅነታቸው ነው። ከዚህ ውጤት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ እርዳታ የሚሰጥ ባለሙያ ከመስጊዱና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ሳይተዋወቅ ልጆቹ ወዳሉበት ሊደርስ አይችልም። ኢትዮጵያ ውስጥም ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ከመምጣቱ በፊት ወደ ሼኩ ወይም ወደ ጠበሉ መሄዱ የተለመደ ሲሆን፣ ሁለቱን ማጋጨት ልጁን ከአንዱ ያስቀረዋል፤ በሃይማኖት አባት በረከት መድኃኒቱን የሚወስድ ታዳጊ ከሁለቱም ይጠቀማል።

ሕክምናው ምን እንደሚሠራ በጥናት የተረጋገጡ ነገሮች አሉ። በሰሜን ዩጋንዳ የተፈናቃይ መጠለያዎች ውስጥ ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 314 ታዳጊዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሙከራ፣ ልጆቹን በሦስት ወገን ከፍሎ ለአንዱ በቡድን የሚሰጥ የንግግር ሕክምና፣ ለሌላው የጨዋታና የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ ሲሰጥ ሦስተኛው ተራ እንዲጠብቅ አድርጓል። የንግግር ሕክምናው የተመሠረተው ድባቴን ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ውስጥ ከሚፈጠሩ አራት ነገሮች፣ ማለትም ከሐዘን፣ ከጠብ፣ ከኑሮ ለውጥና ከብቸኝነት ጋር በማያያዝ ላይ ነው። በዚህ ሕክምና የሴቶቹ ልጆች ድባቴ በጉልህ ቀነሰ፤ ጨዋታው ግን ያስገኘው ለውጥ አልታየም። በወንዶቹ ላይ የሕክምናው ውጤት ደካማ መሆኑም መነገር አለበት፤ ወንድ ልጅ ስሜቱን በቡድን ፊት እንዳይናገር ተደርጎ በሚያድግበት ባህል ሕክምናው ከወንዶች አነጋገር ጋር መስማማት ይኖርበታል። ቡድኖቹን የመሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሳይሆኑ ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለምዕራብ ሐረርጌ ብዙ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረውን መርሐ ግብር ቀድመው ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በተካሄደ የረጅም ጊዜ ሥራ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በአጭር ሥልጠና ድባቴን የመለየትና የማከም ሥራ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠሩ እንደሚችሉ ታይቷል። ጭሮና ገለምሶ ሆስፒታሎች አሏቸው፣ ጭሮ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም መቀመጫ ናት፣ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ከባድ ድባቴ ላለበትና ራሱን ስለ መጉዳት ለሚያስብ ልጅ ወደ ሆስፒታል መላክ የማይዘገይ ግዴታ ነው፤ ለታዳጊዎች ፍሉኦክሴቲን የተባለው መድኃኒት በሐኪም ክትትል ሊታዘዝ ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በቅርብ መከታተልም ያስፈልጋል። ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚለው ፍርሃት ግን መሠረት የለውም፤ በቀጥታና በርኅራኄ የተጠየቀ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እፎይታ ይሰማዋል።

ትምህርት ቤቶች ከሆስፒታሉ በፊት የሚደርሱ ተቋማት ናቸው። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ ሁለትና ሦስት ዓመት በስደት የቆየ ልጅ ሲመለስ ከታናሽ ወንድሙ እኩዮች ጋር ጠዋት ጠዋት መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ በማታው ክፍለ ጊዜ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር የሚማርበት መንገድ ሲከፈትለት ግን የመቀጠል ዕድሉ ይጨምራል። በየትምህርት ቤቱ ያለው የሥርዓተ ጾታና የምክር አገልግሎት ክፍል ተመላሾችን ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ ቢያውቃቸው፣ መምህራንም የልጁን መነጫነጭ ከባለጌነት ለይተው ቢያዩት ብዙ ነገር ይለወጣል።

ከድባቴ መጠይቁ ዘጠኝ ጥያቄዎች አንዱም ስለ ዕዳ አይጠይቅም፤ በዚህ አካባቢ ግን የጤና ባለሙያውም ሆነ አማካሪው ከመጀመሪያው ቃለ ምልልስ አንሥቶ ልጁ ለማን፣ ስንት፣ በምን መያዣ እንደተበደረ ሊጠይቅ ይገባል። ለተመላሹ ለመቋቋሚያ የሚሰጠው ገንዘብ በአበዳሪው እጅ ከገባ ሱቁም በጉም ሳይገዛ ያልቃል፤ የምክር አገልግሎቱም ሌሊት በሚቀሰቅሰው የክፍያ ቀን ይሸነፋል። ሐረርጌ ጠብን በሽማግሌ የመፍታት ጥንታዊ ልማድ ያለው አገር ነው፤ በደም የተፈላለጉ ቤተሰቦችን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች የአንድ ታዳጊ የጉዞ ዕዳ በአፎቻው ምስክርነት በዓመታት ተከፋፍሎ እንዲቃለልና የተያዘው ማሳ ለቤተሰቡ እየታረሰ እንዲቆይ ከአበዳሪው ጋር ሊስማሙ ይችላሉ። በዚያ ስምምነት ላይ ልጁ ራሱ ቢገኝ፣ አባቱም በአበዳሪውና በሽማግሌዎቹ ፊት ዕዳው የቤቱ ሁሉ እንጂ የልጁ ብቻ አለመሆኑን ቢናገር፣ ልጁ በስልክም በቃልም ሲደብቀው የኖረውን ለመናገር በር ይከፈትለታል።